ከድር ሁሴን ቁጥር ሁለት

አንድ የአያት ስም ሳይጽፉ መቅረት ስንት ያስከፍላል ለሚለኝ ሰው መልሱ እጄ ላይ ነው። እኔን ሁለት ዲስክ፣ አንድ ሙሉ ክረምትና ከኦጎልቾ ይመጡ የነበሩ ደንበኞቼን ግማሽ አስከፍሎኛል። አንዲት እናትን ደግሞ ፊቷን አስከፍሏታል። እሷ በሕይወት ስላልነበረች ልጇ መጥቶ ከእኔ ጠየቀ።

ባለፈው ዓመት አሰላ ላይ የነበረኝን ፎቶ ቤት ዘግቻለሁ። ያባረረኝ የለም፣ የተጣላሁትም የለም። ሰው ሁሉ ካሜራውን ኪሱ ውስጥ ይዞ ሲዞር እኔ ዘንድ የሚመጣው ለመታወቂያና ለፓስፖርት ብቻ ሆነ፤ ቆይቶ መታወቂያውንም የሚሰጡት ሰዎች ራሳቸው ማንሳት ጀመሩ። ገበያ ሲሄድ ነጋዴ ወይ ይከተለዋል ወይ ተቀምጦ ይሸኘዋል። እኔ ጉልበቴን ስለሚያመኝ ተቀምጬ ሸኘሁት። ቤቱን የተከራየው ሰው አሁን የሞባይል ሽፋን ይሸጥበታል። ይቅናው።

ከሥራው የቀረኝ አንድ የቆርቆሮ ሣጥን ነው። ውስጡ አሥራ አራት ሃርድ ዲስክ አለ፤ እያንዳንዱ በጨርቅ ተጠቅልሎ፣ ላዩ ላይ ፕላስተር ተለጥፎ ቁጥር ተጽፎበት። ሰርግ አለ፣ ምርቃት አለ፣ የሐጅ ሽኝት አለ፣ የጥምቀት ፈረስ አለ፣ አዲስ የተገዛ የጭነት መኪና ፊት ለፊት የቆመ ቤተሰብ አለ። ይሄ ሁሉ ፊት እንዴት እንደተቀመጠና አንዱ እንዴት እንደጠፋ ነው የምናገረው።

ሥራውን የጀመርኩት በማበጠሪያ ነው። አባቴ ከስልጤ መጥቶ እዚህ የተቀመጠ ቸርቻሪ ነበር፤ እኔ ደግሞ ከትምህርት ቤት ይልቅ መናኸሪያው ይስማማኝ ስለነበር ደረቴ ላይ ካርቶን አንጠልጥዬ ባትሪ፣ ማስቲካና ማበጠሪያ እሸጥ ነበር። ከሁሉ የማበጠሪያው ገበያ ቀዝቃዛ ነው፤ ሰው አንዴ ከገዛ ዓመት ይበቃዋል። ነገሩን ሳጠና ሰው ማበጠሪያ የሚቸግረው ፎቶ ሊነሳ ሲል መሆኑን ደረስኩበት። ስለዚህ ከመናኸሪያው በታች ባለው ፎቶ ቤት በር ላይ ቆሜ ማበጠሪያና ትንሽ መስታወት ማከራየት ጀመርኩ። የፎቶ ቤቱ ባለቤት ጋሽ መኮንን ለሁለት ሳምንት በመስኮት ሲያዩኝ ከረሙና አንድ ቀን ወጥተው፣ «አንተ፣ ከደጅ ሆነህ ከምታተርፍብኝ ገብተህ አትሠራም?» አሉኝ። ገባሁ። ዘጠኝ ዓመት አልወጣሁም።

ጋሽ መኮንን ቀጭን፣ ኮታቸውን በቀትር የማያወልቁ፣ ከመሥሪያ ቤት ወደ መሥሪያ ቤት ሲዛወሩ አርሲ ደርሰው የቀሩ ሰው ነበሩ። ፎቶ በማንሳት ከሳቸው የሚሻል ሰው አይቻለሁ። ፎቶ በማስቀመጥ ግን አላየሁም። ኔጋቲቭ ከመንካታቸው በፊት እጃቸውን በሳሙና ይታጠባሉ፤ የታጠቡበትን ፎጣ እንኳ ሌላ ሰው እንዲነካው አይፈቅዱም። ኔጋቲቩን በስድስት በስድስት ቆርጠው ከወረቀት በተሠራ ፖስታ ያስገባሉ። ፖስታው ላይ ስም እስከ አያት፣ አገር፣ እንዲሁም አንድ ምልክት ይጽፋሉ። «ግራ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ ያለው።» «ጥርሷ ፍንጭት።» «ሲናገር ዓይኑን የሚጨፍን።» አንድ ከአርቦዬ የመጣ ገበሬ በጥያቄው ተሰላችቶ ይሄ ፎቶ ቤት ነው ወይስ ፍርድ ቤት ቢላቸው፣ ፍርድ ቤት ፋይልህን ይጥልብሃል፣ እኔ አልጥልህም ብለው አያቱን ጠይቀው ጻፉ።

ሁለት ሌላ አመል ነበራቸው። የተበላሸ ፊልም አይጥሉም፤ «ብላሽ» ብለው ጽፈው ለብቻው ፖስታ ያስገቡታል። ደግሞም በየዓመቱ ጳጉሜ ሲገባ ሱቁን ይዘጉና ከዓመቱ ሥራ እያንዳንዱን አንድ አንድ ቅጂ በብስኩት ጣሳ አድርገው ሁሩታ እህታቸው ቤት ያደርሳሉ። በመጀመሪያው ዓመት ጣሳውን የተሸከምኩት እኔ ነኝ። ጋሽ መኮንን፣ ይሄ ለምን ያስፈልጋል ብዬ ስጠይቃቸው መንገድ ላይ ቆም ብለው፣ «ቤት ይቃጠላል። አይጥም አለ። እኔም አለሁ» አሉኝ። ከእሳትና ከአይጥ ቀጥለው ራሳቸውን ለምን እንደቆጠሩ የገባኝ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።

ዲጂታል ሲመጣ እሳቸው አልወደዱትም። እኔ አዳማ ወርጄ አንድ ቪዲዮ ቤት ተቀጠርኩ። እዚያ ያለው አለቃዬ ፈጣን ሰው ነበር፤ ምሳ እንኳ ቆሞ ነው የሚበላው። ካርዱን ከካሜራ አውጥቶ ኮምፒውተር ላይ ሲገለብጥ ፎልደሩ ላይ የሚጽፈው አንድ ስም ነው፦ የከፋዩን። «ፎቶ የተነሳው ሰው አይመጣም፣ የከፈለው ነው የሚመጣው» ይል ነበር። ነገሩ ለነጋዴ ጆሮ ጥሩ ሙዚቃ ነው። ሦስት ዓመት ሠርቼ አሰላ ስመለስ የራሴን ቤት ከፈትኩና ይሄን አሠራር ይዤ ገባሁ። በእንግሊዝኛ ፊደል፣ በሁለት ጣት ነበር የምጽፈው፤ የሰርግ ወቅት ደግሞ በሳምንት አራት ካርድ ይሞላል። የአያት ስም ለመጨመር ጊዜ አልነበረኝም። አገርና ምልክትማ ጭራሽ አይነሳ። የራስንና የአባትን ስም ከጻፍኩ ራሴን እንደ ጠንቃቃ እቆጥር ነበር።

አርሲ ውስጥ ስንት ከድር ሁሴን እንዳለ የሚያውቅ ሰው እዚህ ላይ አንገቱን ይነቀንቃል። ቅዳሜ ገበያ መሃል ቆሞ «ከድር» ብሎ የሚጣራ ሰው የሚዞርለት ብዛት ሰልፍ ያስመስላል።

አንድ ዓመት ታኅሣሥ ላይ ገብሱ ተሰብስቦ የሰው እጅ ሲላላ ሁለት ሰርግ በአሥር ቀን ልዩነት መጣልኝ። አንደኛው ሙሽራ የሁሩታው ከድር ሁሴን፣ የወፍጮ ቤት ባለቤት። ሁለተኛው የኦጎልቾው ከድር ሁሴን፣ ሽንኩርት የሚያለማና የሚነግድ። ሁለተኛውን ካርድ ስገለብጥ ኮምፒውተሩ ይህ ስም ተይዟል አለኝ። እኔም «2» ጨመርኩበትና ቡና ልጠጣ ወጣሁ።

የኦጎልቾውን ሰርግ በደንብ አስታውሰዋለሁ። የቆላ አቧራ ነበር፤ ሌንሱን በየሩብ ሰዓቱ እጠርግ ነበር። የሙሽራው እናት አዴ ሀዋ ይባላሉ። ረጅም ናቸው፣ ያገቡ ሴቶች የሚይዙትን ሲንቄ፣ ያቺን ቀጭን ዱላ በእጃቸው ይዘዋል። ሲንቄዋ መሃሏ ተሰንጥቆ በቀይ የኤሌክትሪክ ሽቦ ታስራ ነበር። ካሜራ ወደሳቸው ባዞርኩ ቁጥር ሻሻቸውን ወደ አፋቸው ይስባሉ ወይም መዳፋቸውን ይዘረጋሉ። በሕይወታቸው ፎቶ ተነስተው አያውቁም፤ የሞባይልም ቢሆን እሺ ብለው አያውቁም። እኔ ደግሞ እምቢ የሚል ደንበኛ ደስ ይለኛል፤ ሥራ ይሆንልኛል። ከግብዣው በኋላ ከጓሮ አገኘኋቸውና በተሰባበረ ኦሮምኛዬ ለመንኳቸው። አጠገባችን ሙሽራው ቆሞ ይስቃል። በመጨረሻ ሻሻቸውን አስተካከሉ፣ ሲንቄዋን አቆሙ፣ ቀጥ ብለው አዩኝ። አንድ አነሳሁ። ካሜራውን አዙሬ ባሳያቸው አጥብቀው አዩትና ለልጃቸው አንድ ነገር ነገሩት።

«ምን አሉ?» አልኩት።

«እንግዲያው ይጠብቀው በለው አለችኝ» አለ ከድር።

እሺ አልኩ። ለአልበሙ አርባ ፎቶ ሲመረጥ የሙሽሮቹ ጓደኞች ናቸው የመረጡት፤ እናትየው የገቡባቸው ሁለቱ እጃቸው ፊታቸውን የሸፈነባቸው ናቸው። ያቺን አንዷን አሳድጌ በፍሬም እሠራለሁ ብዬ ለኋላ አቆየኋት። ለኋላ ማቆየት በፎቶ ቤት ውስጥ በጣም ርካሽ ዕቃ ነው።

በሚቀጥለው ክረምት ዲስኩ ሞላ። እኔ የምሠራውን ሁሉ በሁለት ዲስክ ነበር የማስቀምጠው፤ ያንን ያህልስ ከጋሽ መኮንን ተምሬያለሁ። ቦታ ለማስለቀቅ ድጋሚ የተገለበጡትን እየፈለግሁ ማጥፋት ጀመርኩ። አንዳንዴ አንዱን ፎልደር ሳላውቅ ሁለቴ እገለብጥና ሁለተኛውን «2» እለው ነበር። ስለዚህ «2» ያለበት ሁሉ ትርፍ ነው ብዬ ያዝኩ። ከድር ሁሴን ጋ ስደርስ ግን ዝም ብዬ አላጠፋሁም፤ ይሄን ለራሴ መመስከር እፈልጋለሁ። ሁለቱንም ከፍቼ ጎን ለጎን አየሁ። እኔ ሰርግ ስጀምር ሁሌም ከጫማ ነው የምጀምረው፤ ከጫማ ወደ ኮት፣ ከኮት ወደ አበባ። ያኔ በከተማው የሙሽራ ልብስ በደንብ የሚያከራይ አንድ ቤት ነበር፤ ድንኳኑም፣ መጋረጃውም፣ የፕላስቲክ አበባውም ከአንድ ቤት ነው የሚመጣው። በሁለቱም ፎልደር ያው ጫማ፣ ያው ግራጫ ኮት፣ ያው ወርቃማ መጋረጃ። ከላይ ያሉትን አሥራ ሁለት ፎቶዎች አየሁና ፊት ሳላይ አጠፋሁ። ከአንዱ ዲስክ አጠፋሁ፤ ንጹሕ ሠራተኛ ስለሆንኩ ከሌላኛውም አጠፋሁ። ቀጥዬ የቆሻሻ ቅርጫቱንም ባዶ አደረግሁ።

አገሩ ሁሉ የተጋባው በአንድ ኮት ነው። ይሄን ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። ኮቱን ራሴ ነኝ ስንት ጊዜ ትከሻው ላይ አቧራ ያራገፍኩለት።

ሁለት ዓመት አለፈ። አንድ ቅዳሜ የኦጎልቾው ከድር መጣ። ከስቷል። እናቱ ካረፉ ሰባት ወር ሆኗቸዋል አለኝ። አላህ ይማራቸው ብዬ ወንበር ሰጠሁት። ቁጭ ብሎ ቆቡን ጉልበቱ ላይ አደረገና ያቺን ፎቶ ጠየቀኝ።

«ድምጿ አለኝ፣ ጋሽ ሽኩር» አለ። «ሲነጋ የምሰማው ይመስለኛል። ፊቷ ግን እየሄደብኝ ነው። አሁን ሳስባት እጇ ነው የሚመጣብኝ፣ አልበሙ ላይ ያለው።»

ኮምፒውተሩን ከፈትኩ። ከድር ሁሴንን ስከፍት የሁሩታው ወፍጮ ቤት ባለቤት ፈገግ ብሎ ወጣ። እላይ ታች አልኩ። ያኔ ገባኝ። ዲስኩ ሌላ ቤት ነው፣ የሚቀጥለው ቅዳሜ ና አልኩት። በሚቀጥለው ቅዳሜ መብራት የለም አልኩት፤ በእርግጥም አልነበረም። በሦስተኛው ቅዳሜ ማተሚያው ተበላሽቷል አልኩት። ማተሚያው ከኋላዬ ሆኖ የሌላ ሰው የፓስፖርት ፎቶ እያተመ ነበር። ከድር ማተሚያውን አየ፣ እኔን አየ፣ ቆቡን አደረገና ወጣ።

በነዚያ ሳምንታት ውስጣቸው ያለውን ሌላ ሥራ ወደ ሌላ ዲስክ ገልብጬ ሁለቱን ዲስኮች ይዤ አዳማ አንድ የጠፋ ፋይል የሚመልስ ቴክኒሻን ዘንድ ሄጃለሁ። ካጠፋኸው በኋላ ላዩ ላይ ጽፈህበታል ወይ አለኝ። ሁለት የሰርግ ወቅት ሙሉ ጽፌበታለሁ አልኩት። ሳቀ። ሆኖም ሞከረ፤ ዲስኮቹን በመክፈትና በመዝጋት ብዛት ሁለቱም ደከሙ፣ ከዚያ በኋላ አላገለገሉም። የሰጠኝ ከላይ ግንባር፣ ከታች ግራጫ የሆነ የፎቶ ቁርጥራጭ ነው። አንዱ ላይ የወርቃማው መጋረጃ ጫፍ ነበረበት። ከየትኛው ሰርግ እንደሆነ ማን ያውቃል።

ከአዳማ ስመለስ በቀጥታ ጋሽ መኮንን ቤት ገባሁ። ያኔ ዓይናቸው ደክሟል፤ ፀሐይ ላይ ወንበር አውጥተው፣ ያው ኮታቸውን እንደለበሱ ተቀምጠዋል። ሁሉንም ነገርኳቸው። አላቋረጡኝም። ስጨርስ የጠየቁኝ አንድ ነገር ነው።

«እስከ አያት ጽፈሃል?»

«አልጻፍኩም።»

«ምልክቷንስ?»

«በአእምሮዬ አለ።»

«እሱማ አንተ ስትሞት ይሞታል» አሉ። ከዚያ በሳቸው የደረሰውን ነገሩኝ። ሁሩታ ቅጂ ማድረስ ከመጀመራቸው በፊት አንድ ዓመት የክረምት እርጥበት አንዱን መሳቢያ ሙሉ በልቶባቸው ኖሯል። አንድ አባት የሞተ ልጁን ፎቶ ፈልጎ ሲመጣ ኔጋቲቩ እንደ ሙጫ ተጣብቆ አገኙት። ታዲያ ምን አደረጉ ስላቸው፣ «ከጎረቤት ፈለግሁ» አሉኝ። ልጁ በሌሎች ሰዎች ፊልም ውስጥ፣ ከኋላ፣ ከዳር ቆሞ እንደሆነ ብለው የዚያን ሠፈር ፖስታ ሁሉ አወጡ። ሠፈሩ ፖስታው ላይ ስለተጻፈ ልጁን ለማግኘት ሁለት ቀን ብቻ ፈጀባቸው። «ሰው ብቻውን አይኖርም» አሉ። «ፎቶም ውስጥ ብቻውን አይገባም። ግን መጀመሪያ ሄደህ እውነቱን ንገረው። ፎቶውን ይዘህ አትሂድ፤ ባዶ እጅህን ሂድ።»

ኦጎልቾ ወረድኩ። ከድርን ሽንኩርቱን በጆንያ ሲያስጭን አገኘሁት። ከመኪናው ጀርባ ወሰድኩትና እኔው ራሴ እንዳጠፋሁት፣ እንዴት እንዳጠፋሁት፣ ሦስቱንም ቅዳሜ እንደዋሸሁት ነገርኩት። ስለ ኮቱም ነገርኩት። ይጮህብኛል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ቢጮህ ይቀለኝ ነበር።

«ጠብቀው ብላህ አልነበረም?» አለ።

«ብለውኛል።»

«እኔ ነኝ የተረጎምኩልህ።» እስከዚያ ቀን እርስዎ ይለኝ ነበር።

ወደ ሽንኩርቱ ተመለሰ። እኔም ወደ አሰላ። የዚያን ወር ከኦጎልቾ ሁለት ሰርግ ተሰረዘብኝ፤ ወሬው ቀድሞኝ ገብቷል። የሚገባኝን ነው ያገኘሁት፤ እኔም ብሆን ሰውን ለሚጥል ሰው ሰርጌን አልሰጥም።

በሦስተኛው ሳምንት፣ ሰኔ ግም እንዳለ፣ ከድር ሱቄ በር ላይ ቆመ። እኔ ከጎረቤት መፈለግ ይቻላል ብዬ ነግሬው ነበርና እሱን አስቦበታል። ከኪሱ የተጣጠፈ የደብተር ወረቀት አወጣ። እናቱ በሕይወታቸው የመጨረሻ አራት ዓመታት የሄዱባቸውን ሰርጎች እህቶቹንና የእናቱን ባልንጀሮች እየጠየቀ ጽፎ መጥቷል፤ ሃያ ሁለት ናቸው። ከነዚህ ዘጠኙን ያነሳሁት እኔ ነኝ።

«በል እነዚህን አውጣልኝ» አለ።

እዚህ ላይ ነው የአዳማው አለቃዬ ትምህርት ሌላ ጉዱን ያሳየን። ወረቀቱ ላይ የተጻፈው የሙሽሮቹ ስም ነው። እኔ ዘንድ ያለው የከፋዩ ነው፤ አንዱን አጎት፣ ሌላውን አማች፣ ሌላውን አረብ አገር ያለች እህት ነች የከፈለችው። አገር አልተጻፈም፣ ምልክት አልተጻፈም። ስለዚህ ሁሉንም መክፈት ነበረብን። ያኔ ዘጠኝ ዲስክ ነበረኝ። ከድር ዝናቡ እርሻውን ስላስፈታው በሳምንት ሁለት ቀን ጠዋት በሚኒባስ ይመጣል፤ ጎን ለጎን ቁጭ ብለን እናያለን። እኔ ሃያ ዓመት ያነሳሁትን እሱ ከኋላ ከኋላ ያያል። ሙሽራና ሙሽሪት ለኛ መጋረጃ ሆኑብን፤ የምናየው ከትከሻቸው በላይ ያለውን ነው፣ ወጥ የሚያማስለውን፣ ሕፃን የሚያባብለውን፣ ጫት ይዞ የሚያንቀላፋውን።

ዓይን ከሁለት ሰዓት በኋላ ፊት አይለይም። ለዚህ ከድር ዘዴ አመጣ። «ፊቷን እንተው» አለኝ። «ቀዩን ሽቦ እንፈልግ።» ስድስተኛ ክፍል እያለ ሲንቄዋን በቅሎ ሲያሯሩጥበት ሰብሮባቸው፣ በራሱ እጅ ያሰረላቸው ሽቦ ነው። እሳቸውም አዲስ ቢቆረጥላቸው እምቢ ብለው በዚያው ኖሩ። ስለዚህ በሺህ የሚቆጠር ፎቶ ውስጥ የጣት ጥፍር የማታህል ቀይ ነገር መፈለግ ጀመርን። ቀይ ሻርፕ፣ ቀይ ጆግ፣ ቀይ የለስላሳ ክዳን፣ ሁሉም እያስደነገጠ አሳለፈን።

እግረ መንገዱን አንድ ነገር ተፈጠረ። ከድር ሰው ያውቃል። አንድ ፎልደር በከፈትን ቁጥር፣ ይሄማ የእንትና ልጅ የእንትና ሰርግ ነው፣ ያች የቆመችው አክስቱ ናት፣ ያ ሽማግሌ ሞቷል ይላል። እኔም እያቆምኩ ስሙን እስከ አያቱ፣ ከየት እንደሆነ፣ ምልክቱን መጻፍ ጀመርኩ። «በቅሎ ላይ የመጣችው ሙሽራ፣ ኦጎልቾ።» «ድንኳኑ በነፋስ የወደቀበት።» በወር ተኩል ውስጥ በሃያ ዓመት ያልሠራሁትን ሠራሁ። ሥራውን በደንብ የተማርኩት ልዘጋው ሦስት ዓመት ሲቀረኝ ነው ማለት ነው። የማልቸኩል ሰው ነኝ።

ዘጠኙን ሰርጎች አገኘናቸው። በስምንቱ ውስጥ አዴ ሀዋ አራት ጊዜ ታይተዋል፤ ሁለቱ በጀርባ፣ አንዱ እጅ ብቻ፣ አንዱ ሻሻቸው ፊታቸው ላይ። ካሜራ የሚሸሽ ሰው ከሩቅም ያውቀዋል። ዘጠነኛው ላይ ምንም የለም። ከድር ወረቀቱን አጣጠፈው። እሱ ሲያጣጥፍ ነው ብላሹ ትዝ ያለኝ። ዓይን የጨፈነውን፣ የተንቀጠቀጠውን፣ ሳላስበው የተተኮሰውን አንድ ላይ ሰብስቤ «የሚጣል» የሚል ፎልደር ውስጥ እከት ነበር። ያልጣልኩት ከጋሽ መኮንን ተምሬ ነው ብል ደስ ባለኝ። እውነቱ ስንፍና ነው፤ ለመጣል እንኳ ጊዜ አላገኘሁም።

የዘጠነኛውን ሰርግ የሚጣል ከፈትን። ፍላሹን ስሞክር ሳላስበው የተጫንኩት አንድ ፎቶ አለ። ግማሹን የፈረስ ቂጥ ይዞታል። ከፈረሱ ጀርባ ሴቶች ተደርድረዋል፤ ካሜራው ገና እየተሞከረ ነው ብለው ማንም አልተጠነቀቀም። ከድር ጣቱን ስክሪኑ ላይ አደረገ። ቀይ ሽቦ።

አጎላሁት። በአንዲት ወፍራም ሴትዮ ትከሻ የተከለለ ፊት ነው፤ አንድ ዓይን፣ አንድ ጉንጭ፣ የአፍ ግማሽ። አፉ ተከፍቶ ይስቃል። ብዥ ያለ ነው፤ ሌላ ደንበኛ ቢያመጣልኝ አላትምም እለው ነበር።

«ሃዳ ኮ» አለ ከድር፣ እናቴ ማለቱ ነው። እኔ ማተሚያውን የማስተካክል መስዬ ተነሳሁ። ስመለስ አሁንም ጣቱ እዚያው ነው።

«በእኔ ሰርግ እንዲህ አልሳቀችም» አለ።

«በአንተ ሰርግ ሥራ ነበረባቸዋ» አልኩት።

ሳቀ። ከሦስቱ ቅዳሜ ወዲህ የመጀመሪያው ነው።

ነጋዴ ነኝና ሥራውን ላሟላ ፈለግሁ። አሁን ግማሹን ፊት አይቶ ሌላውን ግማሽ የሚሞላ ፕሮግራም አለ፤ አዳማ ያለው ቴክኒሻን ይሠራዋል፣ እኔ እከፍላለሁ፣ ሰው አይለየውም አልኩት። ከድር ስክሪኑን አሳየኝ።

«ይሄ ግማሽ የሷ ነው» አለ። «ያኛው የማን ይሆናል?»

እንዳለ አተምኩት፤ ፈረሱን ግን ቆረጥኩለት። ጀርባው ላይ በእጄ ጻፍኩ፦ ሀዋ ገመዳ ቱፋ፣ ኦጎልቾ፣ ሲንቄዋ በቀይ ሽቦ የታሰረ። ጋሽ መኮንን ዘንድ ይዤው ብሄድ ፎቶውን ማየት አልቻሉም። ጀርባውን አንብብልኝ አሉ። አነበብኩላቸው። «አያቷን ጽፈሃል» አሉ። በቀጣዩ ጥቅምት አረፉ።

ሱቁን ስዘጋ ዲስኮቹን በሦስት አባዛኋቸው። አንዱ ሣጥን እኔ ቤት አለ። አንዱን ባለፈው ጳጉሜ ሁሩታ እህቴ ቤት አድርሻለሁ። ሦስተኛው ኦጎልቾ ከድር ዘንድ ነው፤ ሽንኩርቱ ካለበት ክፍል ራቅ አድርጎ፣ ከፍ ያለ ቦታ ላይ አስቀምጦታል፤ ሄጄ አይቻለሁ። በየአገሩ የተበታተነ ሰው ፎቶውን ሲፈልግ መጀመሪያ እሱ ዘንድ ይሄዳል፤ እሱ ደግሞ የአያት ስም ሳይጠይቅ አይከፍትም። አሁንም አንተ ነው የሚለኝ።

የኦጎልቾው የከድር ሁሴን ሰርግ ስድስት መቶ አሥራ ሁለት ፎቶ ነበረው። አርባው አልበሙ ላይ ነው። አምስት መቶ ሰባ ሁለቱ ጠፍቷል። ከሌላ ሰው ሰርግ አንድ ተገኝቷል፤ እሱም ግማሽ ነው።